ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም



ሁላችንም የምናውቃት አጭር ንግግር አለች፦ «ሲስተም የለም»። ቡናውን ሸጦ ገንዘቡን ሊያስገባ ከዘጌ የመጣ ገበሬ፣ ልጇን አዝላ የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጣ የመጣች እናት፣ ግብር የሚከፍልበት ቀን የደረሰበት ነጋዴ መስኮቱ ጋ ደርሰው ይህችን ይሰማሉ። «መቼ ይመጣል?» ይላሉ። «አይታወቅም» ይባላሉ። ይመለሳሉ። በአይቲ ሙያ ብዙ ዓመት ስቆይ የተረዳሁት ግን፣ «ሲስተም የለም» በሚባልበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ሲስተሙ አለ። ሰርቨሩ በርቷል፤ መረጃው በቦታው ነው። የጠፋው መንገዱ ነው። ሊያስተካክለው የሚችለው ሰው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቁጭ ብሏል፤ መግቢያ ግን አጣ።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ሁለተኛው መግቢያ ለመናገር ነው። ኔትወርኩ የፊት በር ከሆነ፣ ሲሪያል ፖርቱና ሞደሙ የጓሮ በር ናቸው። የፊት በሩ ሲዘጋ በጓሮ ዞሮ ገብቶ ከውስጥ መክፈት ይቻላል። ችግሩ የጓሮ በር በየቀኑ አይከፈትም። በምንፈልገው ቀን ዝጎ፣ ተጣሞ፣ ወይም ቁልፉ ጠፍቶ እናገኘዋለን። ስለዚህ ስለ ኬብሉ፣ ስለ ሞደሙና ስለ አዳፕተሩ እንነጋገር፤ ሲበላሹ ከየት ተነስተን እንደምንፈልግም።

ከዓመታት በፊት የደረሰብኝን ላስቀድም። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ከጣና ሐይቅ ማዶ ያለ ነው። አንድ ሰርቨር ተክለን ከሰርቨሩ ጋር ሞደም በሲሪያል ኬብል አገናኘን፤ ሞደሙን ደግሞ ከመደበኛው የስልክ መስመር ጋር። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ከባሕር ዳር ደውዬ እገባለሁ የሚል ነበር ሐሳቡ። ሁለት ሦስት ጊዜም እንዳሰብነው ሠራ። ከዚያ አንድ ክረምት ሌሊቱን ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ አደረና ጠዋት ኔትወርኩ የለም። ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር ጊዜ ጠራ። የሚያነሳ የለም።

ለግቢው ዘበኛ በሞባይል ደወልኩላቸው። ትልቅ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ከስልኩ ገመድ ጋር የታሰረችው ሳጥን ላይ ስንት መብራት ይታያል?»

«ቆይ ልጠጋ... ስምንት ናት። የበራችው ሦስት ናት።»

«የትኞቹ ናቸው የበሩት?»

«እንግሊዝኛውን አላነበው ኢንጂነር።»

«ግድ የለም፣ ከግራ ጀምረው ይቁጠሩልኝ።»

«ከግራ አንደኛዋ በርታለች። ከዚያ አምስቱ ጠፍተዋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ በርተዋል።»

እኚህ ሰው በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ የሰጡኝን መረጃ አስቡት። በዚያ ዓይነት ሞደም ላይ በቀኝ በኩል የመጨረሻዋ መብራት ሞደሙ ኤሌክትሪክ እንዳለው ትናገራለች። ከእሷ በፊት ያለችው ሰርቨሩ «አለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» የሚለው ምልክት በኬብሉ በኩል እየደረሰ መሆኑን ትናገራለች። ሁለቱ ከበሩ ሰርቨሩ አልሞተም ማለት ነው፤ ኬብሉም ቢያንስ በዚያች ሽቦ አልተበጠሰም። የጠፋችው ከግራ ሁለተኛዋ ናት፤ «ስልክ ሲጠራ ራሴ አነሳለሁ» የምትለዋ። ሞደሙ ደህና ነው፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ እንዲያነሳ ያዘዘው ግን የለም።

እንዲያነሳ ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ትእዛዙን ሰጥቼ እንዲያስታውሰው ግን አላዘዝኩትም። መብራት ሲሄድ ረሳው። ሰርቨሩ ቢጠፋና ቢነሳ ኖሮ ትእዛዙን እንደገና ይልክለት ነበር፤ ሰርቨሩ ግን ዩፒኤስ ላይ ስለነበር አልጠፋም። ሞደሙን የሰካሁት ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ነው። ስለዚህ አንደኛው ሲሞትና ሲነሳ ሌላኛው ምንም አላወቀም።

በጀልባ ተሻገርኩ። ደረስኩ፣ ከኪቦርዱ ፊት ተቀመጥኩ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦ ኤቲኤስ0=1&ደብሊው። በላቲን ፊደል ስምንት ቁልፍ ነው። ኢንተር። «ኦኬ» አለኝ። ከግራ ሁለተኛዋ መብራት በራች። ዘበኛው ከጎኔ ቆመው ነበር፤ «በቃ ይቺው ናት?» አሉኝ። «ይቺው ናት» አልኳቸው።

እነዚያን ስምንት ቁልፎች ልፍታላችሁ። ኤቲ ማለት «ልብ በል» እንደማለት ነው፤ ለሞደም የሚላክ ትእዛዝ ሁሉ በእሱ ይጀምራል። ኤስ0 የደወል ቁጥር የሚቀመጥባት መዝገብ ናት። 1 ካልናት በመጀመሪያው ደወል ያነሳል፣ 2 ካልናት በሁለተኛው፤ 0 ከሆነች ጨርሶ አያነሳም። የመጨረሻው &ደብሊው «ይህን ጻፈው፣ መብራት ቢጠፋም አትርሳው» ማለት ነው። ያኔ የዘለልኩት ይህን የመጨረሻውን ነው። ይህ የትእዛዝ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1981 ሄይስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሞደም ጋር የወጣ ነው። ዛሬ ሲም ካርድ የሚጎርሰው ሞደምም በዚያው በኤቲ ነው የሚታዘዘው፤ አርባ ዓመት አልፎትም ቋንቋው አልተለወጠም።

አገራችንም ኢሜይልን ያወቀችው በዚህ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በሚባለው ስልት ይሠራ ነበር። ደብዳቤው ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሞደሙ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በስልክ ይገናኛል፤ ያለውን ሰጥቶ የመጣውን ይቀበላል፤ ስልኩ ይዘጋል። ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ጥር 1989 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ በስልክ መስመር እየደወሉ ነበር የሚገቡት። ሞደሙ ሲገናኝ የሚያሰማውን ያን ጩኸት የምታስታውሱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትኖራላችሁ። ያ ጩኸት ለባለሙያ ትልቅ መረጃ ነው። በሌላ ስልክ ደውላችሁ ስሙት። ከወዲያ የሚያነሳው ሞደም መጀመሪያ አንድ ወጥ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ 2100 ኸርዝ ነው። እሱን ከሰማችሁ ማዶ ያለው ሞደም በሕይወት አለ፣ አንስቷልም። ከዚያ በኋላ ሳይግባቡ ከቀሩ መስመሩ ውስጥ ጩኸት አለ፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ። ቀጭኑን ድምፅ ጨርሶ ካልሰማችሁ ስለ ፍጥነት አትጨነቁ፤ ችግሩ ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ወደ ኬብሉ እንምጣ። ኬብሉ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ከሚገጥማችሁ ብልሽት አብዛኛው ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ኮኔክተር ተመልከቱ። ዘጠኝ ፒን አለው። አርኤስ-232 የሚባለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ድሮ ኮኔክተሩ 25 ፒን ነበረው፣ በኋላ ወደ ዘጠኝ ወረደ። ከዘጠኙ ሦስቱን ብቻ ዛሬ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ኮምፒውተሩ ላይ 3ኛዋ ፒን አፍ ናት፤ በእሷ ይናገራል። 2ኛዋ ጆሮ ናት። 5ኛዋ ሁለቱ የሚቆሙባት የጋራ መሬት ናት። ሞደም ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ ተገላብጦ ተሠርቷል፤ የሞደሙ 3ኛ ፒን ጆሮ ነው፣ 2ኛው አፍ። ስለዚህ ኮምፒውተርን ከሞደም የምታገናኙት በስትሬት ኬብል ነው፤ 3 ከ3፣ 2 ከ2 ይገጥማል፤ አፍ ከጆሮ ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር፣ ወይም ላፕቶፕን ከሰርቨር ኮንሶል ጋር ስታገናኙ ግን በስትሬት ከሆነ አፍ ለአፍ ይገጥማል፤ ሁለቱ ይናገራሉ፣ የሚሰማ የለም። ክሮስ ያስፈልጋል።

ስትሬቱና ክሮሱ በውጭ መልካቸው አንድ ናቸው። ቀለማቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ። ስለዚህ በዓይን አትመኑ፤ ቴስተር አውጡ። በቢፕ ላይ አድርጋችሁ የአንዱን ጫፍ 3 ከሌላው ጫፍ 3 ጋር ንኩ። ከጮኸ ስትሬት ነው። ካልጮኸ የሌላውን ጫፍ 2 ንኩ። ከጮኸ ክሮስ ነው። ሁለቱም ዝም ካሉ ተበጥሷል። ከዚያ፣ እባካችሁ፣ ፕላስተር ቁረጡና «ስ» ወይም «ክ» ብላችሁ ጻፉበት። ያን ሳትጽፉ ወደ መሳቢያ የመለሳችሁት ኬብል ለሚቀጥለው ሰው ወጥመድ ነው።

ኬብሉን ይዛችሁ ሄዳችሁ የፖርቱ አፍ የትኛው ፒን እንደሆነ ካላወቃችሁስ? ይህንንም ቴስተር ይነግራችኋል። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት፤ ጥቁሩን 5ኛዋ ላይ፣ ቀዩን 3ኛዋ ላይ። ምንም ሳይናገር ዝም ብሎ የተቀመጠ አፍ አሉታዊ ቮልት ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ብዙ ጊዜ ከመቀነስ 5 እስከ መቀነስ 12 ታነባላችሁ። 3ኛዋ ላይ ዜሮ አካባቢ፣ 2ኛዋ ላይ መቀነስ 9 ካነበባችሁ፣ ያ መሣሪያ የሚናገረው በ2 ነው። በዚህ መንገድ መመሪያ መጽሐፉ የጠፋ መሣሪያ እንኳ ራሱን ይነግራችኋል።

ከሁሉ የምወደው ፈተና ደግሞ ይሄው፦ አንድ አግራፍ። ወረቀት የምትይዙበት ተራ አግራፍ። ቀጥ አድርጋችሁ በኬብሉ ጫፍ ያለውን የ2ኛውንና የ3ኛውን ቀዳዳ በእሱ አገናኙ። ኮኔክተሩ ወንድ ከሆነ ፒኖቹን በቀጭን ሽቦ ጠምጥሟቸው። የኮምፒውተሩን አፍ ከራሱ ጆሮ ጋር አገናኛችሁ ማለት ነው። ፑቲን ወይም ሚኒኮምን የመሰለ የተርሚናል ፕሮግራም ክፈቱ፣ የፍሰት ቁጥጥሩን አጥፉ፣ «ሀ» ብላችሁ ጻፉ። የጻፋችሁት ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ከታየ ኮምፒውተሩ፣ አዳፕተሩ፣ ድራይቨሩ፣ የኬብሉ ሁለቱ ሽቦዎችም እስከ አግራፏ ድረስ ጤነኛ ናቸው። ካልታየ አግራፏን ወደ እናንተ አቅርቡ፤ ኬብሉን ንቀሉና በቀጥታ ፖርቱ ላይ ሞክሩ። እዚያ ከሠራ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። ይሄ አሥር ሰው ሲከራከርበት የሚውልበትን ነገር በሁለት ደቂቃ ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ድራይቨር ይነቀላል ይጫናል፣ ዊንዶውስ ፎርማት ይደረጋል፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ይደረጋል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ብሎኖች ስላልጠበቁ ኮኔክተሩ ላልቶ ይገኛል። ብሎኑን ማጥበቅ የሙያው ክፍል ነው።

ኬብሉ ደህና ሆኖ ንግግሩ ካልገባችሁ ደግሞ የምታዩት ምልክት ራሱ ይመራችኋል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ዝብርቅርቅ ከሆነ ፍጥነቱ አልገጠመም፤ ብዙው የራውተርና የስዊች ኮንሶል 9600 ነው፣ ብዙው ሰርቨር 115200። ሰርቨሩ የሚጽፈው እየታያችሁ እናንተ የምትጽፉት አልደርስ ካለ፣ ወይ የአፍ ሽቦዋ ተበጥሳለች፣ ወይ ኮምፒውተራችሁ «ተናገር» የሚል ፈቃድ እየጠበቀ ነው፤ ሦስት ሽቦ ብቻ ባለው ኬብል ላይ ያን ፈቃድ የሚያመጣ የለም። የፍሰት ቁጥጥሩን አጥፉት።

አንድ የእኛን ፊደል የሚነካ ብልሽት ላሳያችሁ። እንግሊዝኛው በትክክል ይነበባል፤ ሰርቨሩ አማርኛ ሲጽፍ ግን ስክሪኑ በትንሿ የላቲን «ኤ» ይሞላል፣ መስመሩ ወደ ታች ይዘላል፣ ጠቋሚው ወደ ኋላ ይመለሳል። መጀመሪያ ሳየው ቫይረስ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይት ከሀ እስከ ፐ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። እነዚህ ባይቶች ስምንተኛዋን ቢት ይጠቀማሉ። ላፕቶፑ ላይ ስምንት ቢት መሆን የነበረበትን ሰባት ቢትና ፓሪቲ አድርጋችሁ ከሆነ ያቺ ቢት ትቆረጣለች፤ የመጀመሪያው ባይት ወደ «ኤ» ይለወጣል፣ ሁለተኛው ወደ አዲስ መስመር ወይም ወደ ኋላ መመለሻ ትእዛዝ። እንግሊዝኛው ከመጀመሪያውም ሰባት ቢት ብቻ ስለሚበቃው ምንም አይሆንም። ስለዚህ አማርኛው ተበላሽቶ እንግሊዝኛው ደህና ከሆነ ፎንት አትፈልጉ፤ ስምንት ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ አንድ ማቆሚያ መሆኑን አረጋግጡ። በ9600 ፍጥነት በሰከንድ 960 ባይት ያልፋል፤ በእኛ ፊደል 320 ነው። ማንም ሰው ከዚያ በላይ ፈጥኖ አያነብም። «አሮጌ ነው፣ ቀርፋፋ ነው» ለሚሉ መልሴ ይህ ነው።

የገመዱ ርዝመት ሌላ ነገር ነው። አርኤስ-232 የተለመደው ልኩ 15 ሜትር ገደማ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት ረዘም ቢልም ይሠራል፤ ግን አትመኩበት። አዲሱ የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ነው። ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት መሣሪያዎችን በሽቦ ማነጋገር ካስፈለጋችሁ አርኤስ-485 ተጠቀሙ፤ እሱ እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል፣ የድልድዩን ሦስት እጥፍ።

ከርዝመቱ ይልቅ ግን እዚህ ሐይቁ ዳር እኔን የሚያሳስበኝ መብረቁ ነው። ሁለት ሕንፃዎች የየራሳቸው መሬት ላይ የተቀበረ ኤርዝ አላቸው። በአንድ ሲሪያል ኬብል ስታያይዟቸው 5ኛዋ ሽቦ ሁለቱን ኤርዞች አገናኘች ማለት ነው። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ የአንደኛው ሕንፃ መሬት ለቅጽበት ከሌላው በብዙ ቮልት ይለያል፤ ያ ሁሉ በዚያች በቀጭን ሽቦ ላይ ልለፍ ይላል። ፖርቱ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ማዘርቦርዱ። በሁለት ሕንፃ መካከል ከሆነ መልእክቱን በብርሃን የሚያሻግር ኦፕቶ አይሶሌተር ሳታስገቡ አትዘርጉ። በስልኩ መስመር በኩልም መብረቅ መከላከያ አድርጉ፤ የስልክ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ የመጣ ሽቦ ከየት ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

እርጥበቱም አለ። በታንኳ ሲቀዝፍ የዋለ ሰው ማታ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ ያቆማታል፤ ውሃ የጠጣ ደንገል እንደሚከብድ ያውቃል፣ ማድረቅ የየዕለት ሥራው ነው። እኛ ግን ኮኔክተራችንን በመስኮት በኩል የሐይቁ እርጥበት ሲገባበት ዓመት ሙሉ ዞር ብለን አናየውም። ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ በአልኮልና በጥጥ ጥረጉት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ ነቅሎ አይቶ መልሶ መሰካት ነው።

አዳፕተር። አሁን ላፕቶፕ ላይ ዘጠኝ ፒን ያለው ፖርት የለም፤ ስለዚህ ሁላችንም ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይረውን እንገዛለን። ውስጡ ያለው ቺፕ ነው ዋናው፤ ኤፍቲዲአይ፣ ፕሮሊፊክ፣ ሲኤች340 የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ገበያው ውስጥ አስመስለው የተሠሩ ብዙ አሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የመጣ የኤፍቲዲአይ ድራይቨር የአስመሳይ ቺፖችን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ እየለወጠ ከጥቅም ውጪ አድርጓቸው ነበር። ትናንት የሠራ ኬብል ዛሬ «መሣሪያው አልታወቀም» አለ፤ ባለቤቱ ምንም አላጠፋም። ፕሮሊፊክም በአዳዲስ ድራይቨሮቹ የድሮና አስመሳይ ቺፖችን አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ስትገዙ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ በአግራፏ ሞክሩት፤ ከሠራ ሁለት ግዙ። ሁለተኛውን ሰርቨሩ ያለበት ሳጥን ውስጥ ትታችሁ ኑ። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ አዳፕተሩ ሥራ ላይ እያለ ያልጻፋችሁት የኤቲ ትእዛዝ ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ካያችሁ፣ ሞደም ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም ኬብላችሁን ሞደም መስሎት እያናገረው ነው፤ አጥፉት።

የምትገዙት አዳፕተር ለዘጠኝ ፒን የተሠራ ይሁን ለሰርኪት ቦርድ ለይታችሁ ግዙ። ለቦርድ የሚሆነው የሚናገረው በ3.3 ወይም በ5 ቮልት ነው። በእሱ ፈንታ የአርኤስ-232ቱን 12 ቮልት ቦርዱ ላይ ካሳረፋችሁ ቦርዱን አቃጠላችሁት። አዲሶቹ ስዊቾች ላይ ደግሞ ኮንሶሉ ዩኤስቢ እየሆነ መጥቷል፤ ከስልክ ቻርጀር የተወሰደ ኬብል ሰክታችሁ መብራት በርቶ ምንም ካልታየ፣ ኬብሉ ውስጥ የመረጃ ሽቦ የለም፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳዎችን የሚያገናኘው ወረዳ ኔት ሲዘረጋ በየወረዳው ከራውተሩ ጋር የመጣውን ያን ሰማያዊ ጠፍጣፋ የኮንሶል ገመድ ያላችሁ ካላችሁ አትጣሉት። የኔትወርክ ኬብል ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ የተሠራ ነው።

የመዳብ ስልክ መስመር በየቦታው እየቀረ ስለሆነ አሁን የጓሮ በሩን የምንሠራው በሲም ካርድ ሞደም ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማለቂያ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የጓሮ በሩንም የፊት በሩንም በሞባይል ዳታ ላይ የሠራ ሰው ሁለቱም በአንድ ቀን ተዘጉበት። ሁለተኛው በር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ማጠፊያ ላይ መሰቀል የለበትም። ድምፅና አጭር መልእክት በሚሠራበት ቦታ በአጭር መልእክት ትእዛዝ የሚቀበል ሞደም ሰርቨርን ሊያስነሳ ይችላል። ለዚህ የምትጠይቁት ሦስት ጥያቄ ነው። ኤቲ+ሲፒን? ብላችሁ ሲሙ መታወቁን፤ ኤቲ+ክሬግ? ብላችሁ ኔትወርክ ላይ መመዝገቡን፣ መልሱ 0,1 ከሆነ ተመዝግቧል፣ 0,2 ከሆነ ገና እየፈለገ ነው፤ ኤቲ+ሲኤስኪው ብላችሁ የሲግናሉን ጉልበት። ይህ ከ0 እስከ 31 ይሰጣችኋል፤ ከ10 በታች ከሆነ አንቴናውን ከብረት ሳጥኑ አውጡት። ደሴት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ውሃው ገላጣ ስለሆነ የሩቅ አንቴና ጥሩ ሲግናል ሊያሳያችሁ ይችላል፤ የተለመደው የሁለተኛ ትውልድ ሞባይል ግን ከአንቴናው 35 ኪሎ ሜትር ካለፈ ሲግናሉ የቱንም ያህል ቢጠነክር አይገናኝም። ጣና በርዝመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር ያልፋል።

ስለ ቁልፉ አንድ ነገር ብቻ። ስልክ በጠራ ቁጥር የሚያነሳ ሞደም፣ ማንም ቢደውል ያነሳል። የይለፍ ቃሉን ጠንካራ አድርጉ፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማይታወቀው ይህኛው ነው። በሦስት ሽቦ ብቻ የተሠራ ኬብል የስልኩን መቋረጥ ለሰርቨሩ አይነግረውም። እናንተ ገብታችሁ እየሠራችሁ መስመሩ ተቆረጠ እንበል፤ ሰርቨሩ ግን አሁንም ያላችሁ ይመስለዋል። ቀጥሎ የሚደውለው ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ እናንተ በተዋችሁት ቦታ ይገባል፤ ያውም በዋናው ተጠቃሚ መብት። ስለዚህ ለሞደም የሚሆን ኬብል 1ኛዋና 4ኛዋ ፒን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተገናኙበት ሙሉ ኬብል ይሁን። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደውሉ፣ ግቡ፣ ስልኩን በድንገት ዝጉት፣ እንደገና ደውሉ። ስም ከጠየቃችሁ ደህና ነው። ካልጠየቃችሁ በሩ ክፍት ነው።

ወደዚያ ወደ ሐይቁ ማዶ ልመለስና ላብቃ። ከዚያ በኋላ ሞደሙን ወደ ዩፒኤሱ አዛወርኩት። ሰርቨሩም በየሰዓቱ ትእዛዙን ለሞደሙ እንዲልክ አደረግሁ። ከሳጥኑ በር ጀርባ ወረቀት ለጠፍኩ፤ ስምንት ክብ ሳልኩ፣ መብራት አለባቸው የሚባሉትን አጠቆርኳቸው፣ ከሥሩ በአማርኛ «እንዲህ ካልሆነ ደውሉ» ብዬ ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩ። ዘበኛው ያን ወረቀት ከእኔ በላይ ጠበቁት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሄደው ያያሉ። አንድ ሌሊት፣ እኔ ምንም ሳላውቅ፣ ደወሉልኝ። «ከቀኝ ሁለተኛዋ ጠፍታለች» አሉኝ። ሰርቨሩ ራሱ ነበር የወደቀው። ጠዋት ሰው መስኮቱ ላይ ከመሰለፉ በፊት ተነሳ።

አሁን ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። አምስት ኬብል አለ። አንዱ ስትሬት፣ አንዱ ክሮስ፣ ሦስቱን ሆን ብዬ አበላሽቻቸዋለሁ፤ አንዱ 5ኛው ፒን ተቆርጧል፣ አንዱ ፒኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የሦስተኛውን አልነግራችሁም። ሁለት ቴስተር፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ እሽግ አግራፍ አለ። ከፊት ከተቀመጣችሁት እንጀምር።